የቀመሰ ሰው ዕዳ

በአማርኛ «ቀመሰ» የሚለው ግሥ ሁለት ፊት አለው። ወጥ የሚቀምስ ሰው መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ጨውና በርበሬውን ይለካል፤ መከራ የቀመሰ ሰው ግን ነገሩ በገዛ ሥጋው አልፎበታል። የፊተኛው ቅምሻ ከምላስ አያልፍም፤ የኋለኛው ሰውን ለውጦ ይተወዋል። ቋንቋችን እነዚህን ሁለት እጅግ የተራራቁ ነገሮች በአንድ ቃል ማሰሩ ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ከምላስ ወደ ሕይወት የሚያሻግር መንገድ መኖሩን፣ መንገዱን የሚጀምረው ሁሉ ግን እንደማይጨርሰው ይነግረናል።

የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ከዚሁ የሚነሣ ነው። የአንድን ሕዝብ ምግብ የቀመሰ ሰው ያንን ሕዝብ ዐወቀ ማለት ይቻላልን? ከቀመሰስ በኋላ የሚከፍለው ዕዳ ይኖርበታልን?

ጥያቄው ለጨዋታ ያህል የቀረበ አይደለም። በዘመናችን ባህልን ለማሳየት ሲታሰብ ከሁሉ አስቀድሞ የሚታሰበው ከልብስና ከጭፈራ ጋር ምግብ ነው። በየዓመቱ ኅዳር 29 ቀን በሚከበረው የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን በየአዳራሹ ሞሰብና ገበታ ይደረደራል፤ እንግዳው ከአንዱ ወደ አንዱ እየተላለፈ ይቆነጥራል፣ ያደንቃል፣ ፎቶግራፍ ያነሣል። መምህሩ በክፍሉ፣ ሠዓሊው በሸራው፣ ገጣሚውም በስንኙ ማዕድን የአንድነት ምልክት አድርጎ ያቀርባል። «ማዕድ አንድ ያደርጋል» የሚለው አነጋገር ከመደጋገሙ የተነሣ የሚመረምረው ጠፍቷል። ስለዚህ አነጋገሩን ከአዳራሹ አውጥቶ ምግቡ ከሚበቅልበት፣ ከሚበስልበትና ከሚበላበት ስፍራ ወስዶ መፈተን ተገቢ ነው። እኔም ለዚህ ፈተና የይፋትን ቆላ መርጫለሁ። በማሽላ አጨዳ ወራት ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር ወደ ሸዋ ሮቢት ወርጄ፣ የአገሩን ምግብ ለመቅመስ በሚል አሳብ ሦስት ቀን ሰንብቻለሁ።

መንገዱ ራሱ ትምህርት ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ደብረ ብርሃንን ያለፈ መንገደኛ፣ በፋሺስት ወረራ ዘመን የተሠራውን የጣርማ በር ዋሻ ሲሻገር ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው። ከዚያ ደብረ ሲናን አልፎ፣ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ተጉዞ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ከ1,500 ሜትር በላይ ወርዷል። በዚህች አጭር ቁልቁለት ካፖርት ይወልቃል፣ አየሩ ይሞቃል፣ ገበታውም አብሮ ይለወጣል። ከላይ የገብስ በሶና የባቄላ ንፍሮ፣ ቆሎና ጠላ ነበር። ከታች የማሽላ እንጀራና ገንፎ፣ ማሾ፣ የመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም፣ ማንጎና ፓፓያ፣ የፍየል ሥጋ፣ ከአፋር በኩል የሚመጣ የግመል ወተት ይገኛል። እንግዳው በግማሽ ቀን ሁለት አገር የበላ ይመስለዋል። በእርግጥም በልቷል፤ ግን ምን ዐወቀ?

በመጀመሪያ ከማሽላው እንነሣ። ትኩስ የማሽላ እንጀራ ከምጣድ እንደ ወጣ ሲበላ ለስላሳና ጥሩ መዓዛ ያለው ነው፤ ሲያድር ግን ይደርቃል፣ ይፈረፈራል። ስለዚህ ማሽላ የሚጋገርበት ቤት እሳት ቶሎ ቶሎ ይነድዳል ማለት ነው፤ እሳት ቶሎ ቶሎ ነደደ ማለት ደግሞ አንዲት ሴት በዚያ ቆላ ሙቀት ላይ የምጣድ ሙቀት ጨምራ ደጋግማ ትቀመጣለች ማለት ነው። እንግዳው ምላሱ ላይ «ለስላሳ» ብሎ የመዘገበው ነገር በባለቤቲቱ በኩል ሲታይ የላብና የጭስ ሰዓት ነው።

ወደ ማሳው ስንወጣ ሒሳቡ ይረዝማል። በዚያ አገር ለረዥሙ ማሽላ በሚያዝያና በግንቦት የተዘራው እስከ ኅዳር መሬት ላይ ይቆያል። እሸቱ ፍሬ መቋጠር ሲጀምር ግሪሳ የተባለው የወፍ መንጋ እንደ ደመና ይመጣል። ገበሬው ማማ ሠርቶ፣ ወንጭፍ ይዞ፣ ልጆቹንም አሰልፎ ከንጋት እስከ ምሽት ይጮኻል። ማማ ላይ የቆመ ልጅ በዚያ ቀን ትምህርት ቤት አልዋለም፤ በእንግዳው ፊት የቀረበው እንጀራ ውስጥ ያልተማረ ትምህርትም አለበት። በ2013 ዓ.ም. መግቢያ የበረሃ አንበጣ በምሥራቅ አማራ ቆላዎች ላይ በወረደ ጊዜ፣ ለአጨዳ የደረሰ ማሽላና ጤፍ በገበሬው ዐይን ፊት ሲበላ ታይቷል። እንግዲህ የቀማሹ የመጀመሪያ ዕዳ ይህ ነው፤ ጣዕሙን ከእጁ፣ እጁን ከሙሉ ዓመቱ ጋር አያይዞ ማየት።

በዚህ ላይ «ባህላዊ ምግብ» የምንለው ቃል ራሱ ሊመረመር ይገባዋል። እንግዳ ሰው ከገበታው መካከል ጥንታዊ የሆነውን መርጦ «ይህ ነው የአገሩ» ማለት ይወዳል። ማሽላ በእርግጥ ከዚሁ ከእኛው የአፍሪቃ ማዕዘን የተገኘ እህል ነው። ማሾ ግን የዘር መነሻው ሕንድ ነው፤ በይፋት ገበሬ እጅ ዋጋው የገነነውም በተለይ በ2006 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ምርት ገበያ መገበያየት ከጀመረ ወዲህ ነው። ይህ ጥራጥሬ በብዛት ወደ ውጭ አገር ይላካል። ይሁንና ዛሬ በሸዋ ሮቢት ጓዳ ንፍሮም ነው፣ ወጥም ነው። ያለ እርሱ ወጥ የማይታሰብልን በርበሬም ቢሆን ከአሜሪካ ምድር ወጥቶ ዓለምን ያዳረሰው ከ16ኛው ምእተ ዓመት ወዲህ ነው። ስለዚህ ምግብን የአንድ ሕዝብ የሚያደርገው የዘሩ ዕድሜ ሳይሆን የተደከመበት ድካምና የተካፈሉበት ሥርዓት ነው። ጥንታዊነትን ብቻ የሚፈልግ ቀማሽ ሕዝቡን እንደ ሙዚየም ዕቃ ያያል፤ ሕዝቡ ግን ዛሬ ይዘራል፣ ዛሬ ይሸጣል፣ ዛሬ ይራባል።

ይፋት በእንግዶች ሲታይና ሲጻፍ የመጀመሪያው ጊዜ አይደለም። ከ13ኛው ምእተ ዓመት መጨረሻ እስከ 15ኛው መግቢያ የወላስማ ሥርወ መንግሥት የገዛው የይፋት ሱልጣኔት መናገሻ ነበር። የኖራና የአስበሪ ፍርስራሾች ዛሬም ከተራራው ግርጌ ይመሰክራሉ። በ14ኛው ምእተ ዓመት የካይሮው ሊቅ አል ዑመሪ ስለዚህ አገር ሲጽፍ እህሉን፣ ፍራፍሬውንና ጫቱን ሳይቀር ዘርዝሯል። የሚደንቀው ነገር አል ዑመሪ ይፋትን አላየም፣ ከይፋትም ገበታ አልቆረሰም። ወደ ካይሮ የመጡትን የአገሩን ሰዎች ጠይቆ፣ አድምጦ ነው የጻፈ።

ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ ሁለት እንግሊዛውያን መጡ። አንደኛው ሻምበል ሃሪስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1841 የመንግሥቱ መልእክተኛ ሆኖ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጣና በንጉሡ ግብር የተስተናገደ ሰው ነው። ሁለተኛው ጆንስተን የተባለ የመርከብ ሐኪም ሲሆን፣ በይፋት ቁልቁለት በምትገኘው የንግድ ከተማ በአልዩ አምባ ትኩሳት ጥሎት፣ በተራ ሰው መንደር ተቀምጦ የኖረ ነው። የሁለቱም መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ1844 ለንደን ታተሙ። ሃሪስ በብዙ ግርማ የጻፈው መጽሐፍ የተስተናገደበትን ሕዝብ በንቀት ከሚያዩ መጻሕፍት የሚቆጠር ነው። ጆንስተንም ከዘመኑ ጭፍን አስተያየት ነጻ ነበረ አይባልም፤ ነገር ግን ዐይኑ በቤቱ ኑሮ፣ በእጅ ሥራውና በጓዳው ላይ አርፏል። ከሦስቱ አንዱ ሳይበላ አደመጠ፤ አንዱ በንጉሥ አዳራሽ በላ፣ ናቀም፤ አንዱ ታሞ የሰው እጅ ጠበቀ፣ አስተዋለም። ከዚህ የምንማረው መብላት ለማወቅ በቂ እንዳልሆነ ነው። በዕውቀቱ ላይ ልዩነት ያመጣው እንግዳው የተቀመጠበት ስፍራ ነው፤ ከአስተናጋጁ በላይ ሆኖ ነውን የበላው ወይስ አስተናጋጁን ፈልጎ?

ከበላይ ሆኖ መብላት የት እንደሚያደርስ የኛም ታሪክ ያሳያል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ ሲበረታ፣ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው በዚሁ አውራ ጎዳና ዳር የተራበ ገበሬ ይቆም ነበር፤ የሚጓዘው ተሽከርካሪም በፊቱ ያልፍ ነበር። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያነሣው የረሃብ ፊልም፣ በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲታይ፣ በመካከሉ የቤተ መንግሥት ግብዣ ሥዕሎች ገብተውበት ነበር። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ፊልሙን በዚያ መልክ የቆረጡትና የቀጠሉት ሰዎች የራሳቸው የፖለቲካ ግብ ነበራቸው። ሆኖም ተመልካቹን ያንገበገበው ነገር እውነተኛ ነበር። ሰው የሚያበላውን ሰው ሳያይ ሊበላ እንደሚችል ዐየ። የረሃቡ ክፋት ከእህል ማነስ ብቻ የመጣ አልነበረም፤ በበላተኛውና በአብቃዩ መካከል የነበረው ዕዳ ተረስቶ ነበርና።

አሁን ወደ ገበታው ሥርዓት እንመለስ። በይፋት ክርስቲያኑና እስላሙ፣ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባው፣ ከቆላው ጫፍም አፋሩ ይገናኛሉ። በየሳምንቱ እሑድ የሚቆመው የሰንበቴ ገበያ የዚህ መገናኛ ነው። የደጋው እህል ይወርዳል፣ የበረሃው ከብትና ፍየል ይወጣል፤ የአንዱ ድስት ያለ ሌላው ጓዳ አይሞላም። ሥጋ ላይ ሲደረስ ግን እንደሚታወቀው ክርስቲያኑ የእስላሙን፣ እስላሙም የክርስቲያኑን እርድ አይበላም። ስለዚህ ክርስቲያን ሰርግ ሲደግስ ለእስላም ጎረቤቶቹ ከብቱን በሕይወቱ ያቀርባል፤ ከመካከላቸው አንዱ ያርዳል፤ ሌላ ድስት፣ ሌላ ምድጃ፣ ሌላ ዳስ ይዘጋጃል። እስላሙም ለክርስቲያን ወዳጆቹ እንዲሁ ያደርጋል። በጾም ወራት የሽሮውና የክኩ ወጥ ሲመጣ ደግሞ ብዙ ጊዜ ገበታው ይቀራረባል።

ለአንድ ቀን የመጣ ቀማሽ ይህን ባየ ጊዜ «ለካስ አብረው አይበሉም» ብሎ ሊያዝን ይችላል። እኔ ግን ነገሩን በተገላቢጦሽ አየዋለሁ። በአንድ ድስት ማብላት ቀላል ነው፤ ከእንግዳው የሚፈልገው ነገር እንደ አስተናጋጁ መሆንን ነው። ሁለት ድስት መጣድ ግን አስተናጋጁን ሁለት ጊዜ ያስወጣዋል፣ ሁለት ጊዜ ያደክመዋል። ትርጉሙም «አንተ እኔን መምሰል ሳያስፈልግህ በቤቴ ጥገብ» ማለት ነው። ከዚህም የሚበልጥ ነገር አለ። ደጋሹ በገዛ ግቢው፣ በልጁ ሰርግ ቀን፣ የተሳለ ቢላዋ ለሌላ ሃይማኖት ሰው በእጁ ይሰጣል። ቢላዋ አሳልፎ መስጠት የመተማመን ሁሉ የመጨረሻው ደረጃ ነው። በአዳራሽ የሚደረደረው ሞሰብ ይህን ሊያሳይ አይችልም፤ በአዳራሹ ውስጥ ማንም ለማንም ቢላዋ አይሰጥምና።

እዚህ ላይ ከባዱ ተቃውሞ ይነሣል፤ ልንሸሸውም አይገባም። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. አጣዬ ነደደች። ሰው ሞተ፣ ቤት ወደመ፣ ሕዝብ ተፈናቀለ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ደረሰ። ከእነዚህ ከተሞች ሰዎች መካከል ለዘመናት አብረው የተገበያዩ፣ በሰርግና በለቅሶ የተጠራሩ ብዙ ነበሩ። ታዲያ ሁለቱ ድስት ምን ፈየደ? ያ ሁሉ ጉርሻ የት ገባ? ተቃዋሚው «ማዕድ አንድ ያደርጋል ማለት የባለቅኔ ተረት ነው፤ ሰው የበላውን ይረሳል፣ የሚያስታውሰው ቂሙን ነው» ቢለን በምን እንመልስለታለን?

በመጀመሪያ ከእውነቱ ግማሹን ልንሰጠው ይገባል። ማዕድ በራሱ አንድ አያደርግም። እንጀራ ለማንም ቃል አልገባም፤ በልቶት ለሚሄደው ሁሉ እኩል ይዋሃዳል። በክፉ ቀን ጎረቤቱን ከቤቱ የሚሸሽግ ሰውም በልቷል፤ ጎረቤቱን የሚያስይዝ ሰውም በልቷል። የሁለቱ እንጀራ ከአንድ ምጣድ ሊወጣ ይችላል። የተለያዩት አንደኛው የበላውን እንደ ዕዳ ስለ ያዘው፣ ሌላው እንደ ቅምሻ ስላለፈው ነው። ስለዚህ «ማዕድ አንድ ያደርጋል» የሚለው አነጋገር የሐሰት ያህል ግማሽ ነው፤ ሥራውን ሁሉ ለምግቡ ሰጥቶ ሰውን ከኃላፊነት ነጻ ያወጣልና።

ቀሪው ግማሽ ግን የተቃዋሚው አይደለም። ሕዝባችን ማዕድ ሰውን እንደሚያስር የሚናገረው እንደ ተስፋ ሳይሆን እንደ ሕግ ነው። «ያጎረሰ እጅ ተነከሰ» ሲባል የሚሰማው ሰው ለምን እንደሚዘገንነው እናስተውል። መንከስ ሁልጊዜ ክፉ ነው፤ የበላበትን እጅ መንከስ ግን ከክፋት አልፎ ክዳት ነው። ክዳት ደግሞ ቃል ኪዳን በሌለበት ሊኖር አይችልም። ስለዚህ ቋንቋው ራሱ፣ የጎረሰ ሰው ሳይናገር ቃል እንደ ገባ ይመሰክራል።

ቃሉንም ከአስተናጋጇ አፍ እንሰማዋለን። በአገራችን እናት ለእንግዳዋ ስታጎርስ የምትለው «በሞቴ» ነው፤ እንግዳው እጁን ሲሰበስብ «አፈር ስሆን» ትላለች። ከልምድ ብዛት ይህ መሐላ ጆሯችን ላይ ተራ ሆኗል። በሸዋ ሮቢትም ሰነፍ በላተኞች ሆነን ሳለ ያንኑ ቃል ደጋግመን ሰምተናል። ነገሩን ረጋ ብለን ካየነው ግን ያች ሴት በአንዲት ጉርሻ ላይ የገዛ ሞቷን አስይዛለች። በእንግዳና በባለቤት መካከል ከዚህ የከበደ መሐላ ሊኖር አይችልም። እንግዳው አፉን ከከፈተና ከዋጠ መሐላውን ተቀብሏል። የእርሷ ሞት እርሱን የማይመለከተው ነገር መሆኑ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ቀርቷል። «በሞቴ» ለተባለ ሰው «ጣፈጠኝ» ማለት መልካም ነው፤ ግን መልስ አይሆንም።

«ይህ ለመንገደኛ የበዛ ሸክም ነው፤ ሦስት ቀን የሰነበተ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ይሄዳል፣ ገንዘቡም ለአገሩ ሰው ይጠቅማል» የሚል ይኖራል። ገንዘቡ ይጠቅማል፤ አይካድም። በምግብ ቤት የበላ ሰውም ዋጋውን ከከፈለ ሌባ አይባልም። ነገር ግን ዋጋ የሚከፈለው ለእህሉ፣ ለማገዶውና ለጉልበቱ ነው፤ ለመሐላው ዋጋ አልተተመነለትም። አበው «እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት» ማለታቸው ስለ ስልቹነት ብቻ አይመስለኝም። በሦስተኛው ቀን እንግድነት አብቅቶ የሰውነት ሥራ እንደሚጀምር የሚያስታውስም ነው፤ ብረት ማረሻም ይሆናልና። አጭር ጉዞ ነውር የለበትም፤ ነውሩ ጉዞው ሲያልቅ ዕዳውም ያለቀ ሲመስል ነው።

እንግዲህ ለሥራችን የሚተርፈውን እንመልከት። መምህሩ ስለ ይፋት ምግብ ሲያስተምር ከገንፎው ጋር ማማውን፣ ከማማው ጋር በዚያ ቀን ከክፍሉ የቀረውን ልጅ ያስተምር። ባህልን የማስተዋወቅ ኃላፊነት የተሰጠው ሰው ሞሰብ በደረደረ ቁጥር፣ ያ እህል የበቀለበት ማሳ ዘንድሮ በሰላም ታጭዶ እንደ ሆነ፣ የእሑዱ ገበያም ቆሞ እንደ ሆነ ይጠይቅ፤ ገበያው የተበተነበትን አገር ምግብ በአዳራሽ ማሳየት የሕመምተኛን ፎቶግራፍ ሰቅሎ ጤናውን እንደ ማመስገን ነው። ለእኛ ለጸሐፊዎችና ለሠዓሊዎች ደግሞ የሚበጀው አንዱን ሞሰብ መሳል ለጊዜው ትተን ሁለቱን ድስት መሳል ነው፤ ቢላዋው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ያለችውን ቅጽበት መጻፍ ነው። ተውኔት የሚፈልገው ግጭትም ተስፋም እዚያች ላይ አለ። ቢላዋው በመተማመን ሊሰጥ እንደሚችል፣ መተማመኑም ሊፈርስ እንደሚችል ተመልካቹ በአንድ ጊዜ ይረዳል።

የአንድን ሕዝብ ምግብ የቀመሰ ሰው ያንን ሕዝብ ዐወቀ ማለት ይቻላልን ብለን ጀምረን ነበር። መልሱ፣ በመቅመሱ ብቻ አላወቀም፤ ነገር ግን ከመቅመሱ በኋላ አላውቅም ብሎ ማምለጥም አይችልም የሚል ነው። ከይፋት ገበታ የተነሣ ሰው ስለዚያ አገር ክፉ ወሬ በሰማ ቀን ወሬው ስለ ሌላ ሰው አይደለም። ማን ሞተ፣ የማን ቤት ነደደ፣ የማን ማሳ ሳይታጨድ ቀረ ብሎ መጠየቅ፣ ጥላቻ ሲነገር ዝም አለማለት፣ ምስክርነት ሲፈለግ መቆም ግዴታው ነው። በሞቷ ምላ ያጎረሰች ሴት ያስያዘችውን መያዣ እንግዳው ሊመልስላት የሚችለው በሕይወት እንድትኖር የበኩሉን በማድረግ ነው።